ነካኋት

ሙያዬ ይኸው ነው፤ ቁልቁለት መለካት፣
ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተክዬ፣ ባንድ ዓይን ማየት።
ዘንድሮ ሥራ ይዞኝ ደብረ ማርቆስ ገባሁ፣
ያደግሁበትን መንገድ ለድንጋይ ንጣፍ ልለካው መጣሁ።
«ሰባት ከመቶ ነው» ይላል መሣሪያው፤
እኔ ግን ድሮ ነው ልኩን የማውቀው።

የነገረችኝ አንዲት የላስቲክ ኳስ ናት፤
ቀይ፣ ወገቧን የዞረ ነጭ መስመር ያላት፣
ከይበልጣል ሱቅ በር በመረብ ተሰቅላ ሳምንት ያየናት።

ለመግዣዋ አዋጣን፤
ከእኔ አሥር ሳንቲም፣ ስሙኒ ከምንይችል፣
ከትሁኔ ሽልንግ (ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅንም)፣
አንማው ኪሱ ባዶ፤
«ግን ቁልቁል ስታመልጥ፣ እንደ እኔ ሮጦ ማን መያዝ ይችል?»
ድርሻው ሩጫ ሆነ።

አንዱ ጎል ድንጋይ ነው፣
ሌላው የምንይችል የኮንጎ ጫማ፤
ልቡ ከኳሷ፣ ዓይኑ ከጫማው፣ እናቱ እንዳትሰማ።
የላይኛው ቡድን ሁልጊዜ ያገባል፣ የታችኛው ይሮጣል፤
አጋማሽ ላይ ጎል እንለዋወጣለን፣ ፍርድ ይስተካከላል።

አንዳንዴ ታመልጣለች።
የወይዘሮ ባንቻየሁን የተሰጣ ጌሾ በመሐል ሰንጥቃ፣
ከጋሪ ፈረስ እግር ሹልክ ብላ ዘልቃ፣
በጸጉር አስተካካዩ ደጅ ነጥራ፣ መስታወቱን ለጥቂት ስታ፣
«ያዛት! ያዛት!» ሲባል፣ ማን ይዞ፣ ማን ገታ!
አንማው ከኋላዋ፣ ሸሚዙ ተነፍቶ እንደ ጃንጥላ፣
ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይጠፋል ከወፍጮ ቤቱ ኋላ።
ሲመለስ ያለከልካል፤
«እስከ ወፍጮ ቤት» ወይ «እስከ ድልድዩ» ብሎ ይነግረናል።
(ከእኔ በፊት መንገዱን የለካው እሱ ነው ማለት ይቻላል።)

ጠዋት የጮቄ ብርድ ወርዶ ሲጨብጣት፣
የኳሷ ሆድ ይሰረጉዳል፣ ልክ እንደራባት።
ያን ጊዜ ትሁኔ፣ በጢባ ጢቤ የማትቻለዋ፣
ሹራቧን ገልጣ ከብብቷ ሥር ትወሽቃታለች፤
«ዝም በሉ፣ ትሙቅ» ትለናለች።
ዝም እንላለን፤ የአፋችን እንፋሎት ብቻ ይታያል።
ቆይቶ፣ «ጧ!» ይላል።
ትሁኔ ትስቃለች፣
ኳሷም ሞልታ፣ ክብ ሆና ትወጣለች።

ሐምሌ ነው የጠፋችው።
ዝናቡ አባርቶ፣ ጎርፉ ገና ሳያባራ፣
የመታት እኔ ነኝ። «ምንይችል ነው» አልኩ፤
ዱላውን ቀመሰ በእኔ ተራ።
ቦዩ ተቀበላት፣ የመንገዱ ቱቦ ዋጣት፤
አንማው በደረቱ ተኝቶ እጁን እስከ ትከሻው ሰደደላት፣
ጉንጩ ጭቃው ላይ፣ ዓይኑ ወደ እኛ፣
«ነካኋት!» አለ፤ «በጣቴ ጫፍ! ሸሸችኝ!»
ማን አምኖት።

ከዚያ ወዲያ ስሙ ነካኋት ሆኖ ቀረ፣
በትምህርት ቤት፣ በገበያ፣ በዚያው ተጠራ፣ በዚያው ኖረ።
ትሁኔን አክስቷ ሞጣ ወሰደቻት፣ ሳንሰነባበት፤
እሱም የመኪና ረዳት ሆነ፣ የመተማ መስመር ቀናበት፤
በር ላይ ተንጠልጥሎ በሰፈር ሲያልፍ «ነካኋት!» ሲሉት፣
እጁን ያነሣል፤
ያችኑ እጁን።

ትናንት አሮጌው ቱቦ ተቆፈረ።
ደለል ወጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጣሳ፣ የዛገ ሽቦ፤
ከአፉ ወደ ውስጥ፣ ክንድ ከስንዝር ገባ ብሎ
(ለካሁት፤ ሙያዬ ነው)
አንድ የላስቲክ ኳስ፣ አፈር ለብሶ፣ ጎኑ ጎድሎ።
ቀለሙ ሄዷል፤ ነጩን መስመር ፈለግሁ በጥፍሬ፤
አለ እንዳልል የለም፤ የለም እንዳልል፣
ክንድ ከስንዝር አለ ሜትሬ።

ከታች፣ በትሩን ይዞ የቆመው ልጅ ይጮኻል፦
«ኢንጂነር! ንባቡ ስንት ይላል?»
ግራ ቀኝ አየሁ፤ የሚያየኝ የለም።
ጃኬቴን ከፍቼ ከብብቴ ሥር ወሸቅኋት፤
በረደኝ፤ ግድ የለም።
ጎንበስ አልኩ፣ ባንድ ዓይኔ፤ ቁጥሩ ይርገበገባል።
«ቆይ» አልኩት፣
«ትንሽ ቆይ። ገና አልሞቀችም።»